ከጣሪያ የወረደው መነጽር

የተሰበሩት ሲኒዎች ሦስት ናቸው። አንዱ አፉ ላይ ብቻ ነው የተሸረፈው፤ ሁለቱ ግን እንኳን ለቡና ለጨው ማስቀመጫም አልተረፉ። ጥፋተኛው የእህቴ ልጅ ነው፤ ዕድሜው 12። ግማሽ ፊቱን የሚሸፍን ነጭ መነጽር አጥልቆ፣ በሁለት እጁ ሁለት ጆይስቲክ ጨብጦ፣ እኛ የማናያቸውን ቀይና ሰማያዊ ሣጥኖች በማናየው ሰይፍ እየሰነጠቀ በሙዚቃው ምት ወደፊት ሲራመድ፣ ሲራመድ፣ ረከቦቱ ላይ ደረሰ። እናቱ ጮኸች። የሰማት የለም። ልጁ እዚያ ክፍል ውስጥ አልነበረማ!

መነጽሩ እንኳ አስተዋይ ነው። ሲነሣ የመጫወቻ ክልል አስምሩልኝ ይላል፤ ልጁ ከተሰመረው ሲያልፍ ያስጠነቅቀዋል። ችግሩ ክልሉን ያሰመርነው ቡናው ከመቅረቡ በፊት ነበር።

ዕቃው በሻንጣ ከሜሪላንድ የመጣ ነው። ይዛው የመጣችው የአባቱ እህት ጌሙን እዚያው ሳለች ስለጫነችበት እዚህ ኢንተርኔት አልጠየቀንም። ስብርባሪው ተጠርጎ፣ ቶናው በተረፉት ሲኒዎች ሲቀዳ፣ ልጁ ቁጣው እንዲበርድለትም ይሁን ከልቡ ገርሞት ወደ እኔ ተጠጋና «ጋሼ» አለኝ፤ «ይሄን ነገር ግን እስከዛሬ የት ደብቀውት ነው?»

እናላችሁ፣ እዚያ ላይ የጀመርኩት ወሬ በረካው አልፎም አላለቀም። ለእናንተም ልድገመው። ዓመቶቹን የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፤ ታሪኩ የእነሱ ነዋ።

የደበቀው የለም። እንዲያውም ዕቃው ከእኔ ይበልጣል። በ1962 ሞርተን ሃይሊግ የተባለ አሜሪካዊ የፊልም ሰው «ሴንሶራማ» ለሚባል ሣጥን የፈጠራ መብት አገኘ። ሰው ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ፊቱን ወደ ሣጥኑ ሲያስገባ በብሩክሊን ጎዳናዎች በሞተር ብስክሌት ይከንፋል፤ ወንበሩ ይንቀጠቀጣል፣ ነፋስ ፊቱን ይመታዋል፣ ሽታ ሳይቀር ይመጣለታል። ጉድ ነው! ግን ገንዘቡን የሚያወጣለት ባለሀብት አላገኘም፤ ሣጥኑም ሣጥን ሆኖ ቀረ።

በ1968 ደግሞ ኢቫን ሰዘርላንድ የሚባል የሃርቫርድ መምህር ተማሪውን ቦብ ስፕሮልን ይዞ ራስ ላይ የሚታሰር ማሳያ ሠራ። ሁለት ደቃቅ የቴሌቪዥን ቱቦዎች ለሁለቱ ዓይኖች ለየብቻ ምስል ይልካሉ። ሰውየው ራሱን ወዴት እንዳዞረ ለኮምፒውተሩ የሚያሳብቀው ከጣሪያ የተንጠለጠለ የብረት ክንድ ነው። ለክንዱ ያወጡለት ስም «የዳሞክሊስ ሰይፍ» ነበር፤ በጥንቱ ተረት ከዙፋን በላይ በአንዲት ጭራ ተንጠልጥሎ ከሥሩ የተቀመጠውን ሰው እህል ውኃ በከለከለው ሰይፍ ስም። ያን ሁሉ ብረት ታቅፎ የሚታየው ታዲያ ምን ነበር? በመስመር ብቻ የተሣለ፣ አየር ላይ የተንሳፈፈ ባዶ ሣጥን።

ልብ በሉ፣ ራስ ሲዞር ሣጥኑ ቦታውን አይለቅም። ጠጋ ቢሉት ይቀርባል፤ በጎኑ ቢዞሩ ጎኑ ይታያል። ይህን ነገር አደራ አስቀምጡልኝ፤ ኋላ ይፈለጋል። ምክንያቱም የዚህ ጥበብ ነፍስ እሷ ናት። ሰውየው ዞሮ ማየት ከቻለ እዚያ ሄዷል፤ ካልቻለ ቴሌቪዥን ተጠግቶ እያየ ነው። እና ያቺ ነፍስ በ1968 ተገኝታለች። ከዚያ ወዲህ የቀረው ዋጋዋን ማውረድ ነበር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ብለው አስተማሩን እንጂ ሃምሳ ዓመት ሊፈጅበት እንደሚችል የነገረን የለም።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሃያ ዓመታት ልዝለላቸው። የጦር አየር ኃይሎችና ናሳ ናቸው የያዙት፤ እነሱ ዋጋ አይጠይቁም። በ1980ዎቹ ጄሮን ላኒየር የተባለ፣ ድሬድ ፀጉሩን እንደ መጋረጃ የለቀቀ ወጣት ካሊፎርኒያ ውስጥ ቪፒኤል የሚል ኩባንያ አቋቋመ። «ቨርቹዋል ሪያሊቲ»፣ ባጭሩ ቪአር፣ የሚለውን ስም ለዓለም ያስለመደው እሱ ነው። ኩባንያው መነጽርም ጓንትም ይሸጣል። መነጽሩ ብቻ ከ9,000 ዶላር በላይ ነበር፤ እሱን የሚያንቀሳቅሰውን ኮምፒውተር ዋጋ ደግሞ አለመጠየቅ ይሻላል። ቤቱ ወስዶ ጌም እጫወትበታለሁ የሚል ሰው አልነበረም፤ ቢኖርም ቤቱን መሸጥ ነበረበት።

የመጀመሪያው የማርከስ ሙከራ ከእጅ ጀመረ። በ1989 የአሻንጉሊት ኩባንያው ማቴል የላኒየርን ጓንት አሳንሶ ለኒንቴንዶ መጫወቻ «ፓወር ግላቭ» ብሎ በመቶ ዶላር አካባቢ ለልጆች አወጣው። በዋናው ጓንት ውስጥ የጣትን መታጠፍ የሚያውቁት ውድ የብርሃን ክሮች ነበሩ፤ በርካሹ ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ቀለም ተቀባ። ሲያዩት ያምራል፤ ሲጫወቱበት ላብ ያስወጣል። ለእሱ ተብለው የወጡት ጌሞች ሁለት ነበሩ፤ ሌላውን ጌም በጓንት መጫወት ማለት እንጀራ በማንኪያ እንደመብላት ነው።

በ1991 እንግሊዝ አገር፣ ሌስተር ከተማ፣ ቨርቹዋሊቲ የሚባሉት ሰዎች በገበያ አዳራሽ የሚቆም ትልቅ ማሽን ሠሩ። ሰው ተሰልፎ ይከፍልና ለጥቂት ደቂቃ የራስ ቁሩን ይደፋል። በ1993 ሴጋ የተባለው የጃፓን ኩባንያ በ200 ዶላር ለቤት የሚሆን መነጽር ላመጣ ነው ብሎ በትልቅ ትርዒት ላይ አሳየ። ልጆች ገንዘብ ማጠራቀም ጀመሩ። መነጽሩ እስከዛሬ አልመጣም። ተጫዋቹ ነገሩ እውነት መስሎት ሲንቀሳቀስ እንዳይጎዳ ፈራን ነበር ምክንያታቸው። የእህቴን ሲኒዎች ሳይ ውሸት ብቻ ነው ማለት አልቻልኩም።

አሁን አንድ ሰው ላስተዋውቃችሁ፤ ከዚህ ታሪክ ሰዎች ሁሉ እኔ የምወደው እሱን ነው። ጉንፔ ዮኮይ ይባላል። በ1965 ኒንቴንዶ ሲገባ ኩባንያው ገና የመጫወቻ ካርታ አታሚ ነበር፤ የእሱም ሥራ ማተሚያ ማሽኖቹን መጠገን ነው። በትርፍ ሰዓቱ የሠራት የምትረዝም የምታጥር የፕላስቲክ እጅ አለቃው ዓይን ገባች፤ ጥገናው ቀርቶ ፈጣሪ ሆነ። የዮኮይ መመሪያ ለማንም ድሃ አገር የሚስማማ ነው፦ አዲሱን ቴክኖሎጂ አታሳድድ፤ ያረጀውን፣ የረከሰውን፣ ጠባዩ የታወቀውን ያዝና ማንም ያላሰበውን ሥራ አሠራው። ጌም ቦይን በ1989 ያወጣው በዚህ መመሪያ ነው። ተፎካካሪዎቹ ባለቀለም ስክሪን ሲያመጡ የእሱ አረንጓዴና ግራጫ ነበር። ግን ባትሪው ይቆያል፣ ቢወድቅ አይሰበርም፣ ዋጋውም ይቀመሳል። ሁሉንም አሸነፈ።

ይኸው ሰው ነው «ቨርቹዋል ቦይ»ን የሠራው። በጁላይ 1995 ጃፓን፣ በኦገስት አሜሪካ ገባ፤ ዋጋው 179 ዶላር ከ95 ሳንቲም። አምፖሎቹ ቀይ ብቻ ናቸው፤ ቀዩ ርካሽ ስለሆነና ኤሌክትሪክም ስለማይበላ። አንድ ረድፍ ቀይ መብራት በሚወዛወዝ መስተዋት ላይ እየተንፀባረቀ ሙሉ ምስል ይመስላል፤ ብልሃቱን ስታስቡት ባርኔጣ ያስነሣል። ሁሉ ነገር ጥቁርና ቀይ ነው፤ ቴኒሱም ቀይ፣ ሰማዩም ጥቁር።

ቀለሙስ ይሁን፤ ጌም ቦይም ቀለም አልነበረው። የገደለው ሌላ ነው። ዕቃው ራስ ላይ አይታሰርም፤ በሁለት እግሩ ጠረጴዛ ላይ ይቆማል፤ ልጁ ጎንበስ ብሎ ፊቱን ይተክልበታል። ራሱን ቢያዞር የሚያየው የሳሎኑን ግድግዳ ነው። አደራ ያስቀመጣችሁትን አሁን አውጡልኝ! በ1968 የሃርቫርዱ ባዶ ሣጥን የነበራት ነፍስ በ1995 ዕቃ ውስጥ የለችም። ዋጋው የወረደው ነፍሷ ወጥታ ነው። ጌም ቦይ ላይ የዮኮይ ቁጠባ ጌጡን ቀነሰ፤ እዚህ ላይ ግን ሥሩን ቆረጠ። ለዚህ ዕቃ የሚሆን ያረጀና የረከሰ ቴክኖሎጂ በዚያ ዘመን ገና አልተወለደም ነበር፤ የሰውየው ጥፋት ይህን ያህል ብቻ ነው ብዬ አምናለሁ።

በጠቅላላው 22 ጌሞች ወጡለት። 770,000 ያህል ከተሸጠ በኋላ ዓመት ሳይሞላው ከገበያ ተነሣ። ዮኮይ በ1996 ኒንቴንዶን ለቀቀ፤ በ1997 ኦክቶበር ላይ በመኪና አደጋ ሞተ። 56 ዓመቱ ነበር።

ከዚያ ወዲያ ክረምት ሆነ። ለአሥራ አምስት ዓመት ያህል ስለ ቪአር ያወራ ሰው እንደ ከሸፈ ሎተሪ ቲኬት ነበር የሚታየው።

ታዲያ በዚህ ክረምት መሐል ማንም ልብ ሳይለው አንድ ዕቁብ ተጀመረ። ዕቁብተኞቹ እኔና እናንተ ነን። ስማርት ስልክ የገዛ ሰው ሁሉ ጣለ። ስልኩ ምን ያስፈልገዋል? ትንሽ ሆኖ ጥርት ያለ ስክሪን። ወዴት እንደተዘነበለ የሚያውቅባት የሩዝ ፍሬ የማታህል ሴንሰር። ብዙ የሚያስብ፣ ጥቂት የሚበላ ቺፕ። ፋብሪካዎቹ እነዚህን በመቶ ሚሊዮኖች ሲያመርቱ ዋጋቸው እንደ በልግ ጎርፍ ወረደ። ሰዘርላንድ በብረት ክንድ ከጣሪያ ያንጠለጠለውን ሥራ አሁን ጥፍር የምታህል ቁራጭ ትሠራዋለች፤ ስልካችሁን ስታጋድሙት ፎቶው አብሮ የሚጋደመው በእሷ ወገን ነው። ቪአርን ያረከሱት ቪአርን ያለሙት ሰዎች አይደሉም፤ ስልክ ገዢዎች ናቸው። ይህን ነው ለልጁም ደጋግሜ የነገርኩት። እናቱ ስልኳን ስትቀይር ስለ መነጽር አላሰበችም፤ ዕቁቡን ግን ጥላለች።

የዕቁቡ ዕጣ ለማን ወጣ መሰላችሁ? ሎንግ ቢች፣ ካሊፎርኒያ፣ ለፓልመር ለኪ። የ1992 ልጅ ነው። በወላጆቹ ጋራዥ ውስጥ የከሸፉ የቪአር መነጽሮችን ይሰበስባል፤ ከሃምሳ በላይ ነበሩት ይባላል። አንዱን፣ በዘመኑ 97,000 ዶላር ያወጣ የነበረውን፣ በ87 ዶላር ነው ያነሣው። የሚገዛበትን ገንዘብ ከየት አመጣ? የተሰበሩ አይፎኖች እየጠገነ! ተረት ብፈጥርላችሁ እንኳ እንዲህ አላሳምረውም፤ ስልክ እየፈታ የሚያድር ልጅ ነው መነጽሩ ከስልክ ዕቃ እንደሚሠራ የገባው።

የለኪ ዘዴ ሌንሱ ላይ ነው። የድሮዎቹ ምስሉ እንዳይጣመም ብዙ ውድ ሌንስ ይደራርቡ ነበር፤ መነጽሩም ይከብዳል፣ ዋጋውም ይሰቀላል። እሱ አንድ ርካሽ ማጉያ ሌንስ በየዓይኑ አደረገ። ርካሽ ሌንስ ምስሉን ያጣምመዋል፤ ያጣምመው። ኮምፒውተሩ አስቀድሞ በተቃራኒው አጣሞ ይልከዋል፤ ሁለት መጣመም ተገናኝቶ ቀጥ ይላል። ጨርቁ ሲታጠብ እንደሚገባ የሚያውቅ ልብስ ሰፊ አስረዝሞ እንደሚቆርጠው ማለት ነው። የሌንስን ዋጋ በሒሳብ ከፈለው።

በ2012 ጁን፣ ዱምና ኩዌክ የተባሉትን ጌሞች ከሠሩት አንዱ የሆነው ጆን ካርማክ የለኪን መነጽር ተቀብሎ ሎስ አንጀለስ ውስጥ በሚደረገው ትልቁ የጌም ትርዒት ላይ ለሰው አሳየው። መልኩን አትጠይቁኝ። በፕላስተር የተጠቀለለ ጥቁር ሣጥን፣ ማሰሪያው ከበረዶ መንሸራተቻ መነጽር የተነቀለ። ያደረገው ሁሉ ግን ራሱን ያዞራል፤ ዓለሙም አብሮ ይዞርለታል። ያቺ ነፍስ ተመልሳለች። በኦገስት ለኪና ባልደረቦቹ «ኦኩለስ» በሚል ስም ኪክስታርተር በሚባለው የመዋጮ ድረ ገጽ ላይ ከሕዝብ 250,000 ዶላር ለመኑ። 9,522 ሰዎች ከ2.4 ሚሊዮን በላይ አዋጡላቸው። 300 ዶላር የሰጠ፣ ለጌም ሠሪዎች የተዘጋጀው የመጀመሪያው መነጽር ይላክለታል።

ደረሰ፤ ታየ፤ እውነቱን እንናገር ካልን ዓለምን በወንፊት ውስጥ እንደማየት ነበር። በነጥብና በነጥብ መሐል ያለው ጥቁር መስመር ይታያል። ደግሞም ያቅለሸልሻል። ይሄ ማቅለሽለሽ ትንሽ ያስቆመኛል፤ ብዙ ዓመት ያዘገየው እሱ ነውና። ዓይን «እየሮጥኩ ነው» ይላል፤ የውስጥ ጆሮ «ኧረ ወንበር ላይ ነኝ» ይላል፤ ሁለቱ ሲካሰሱ ዳኛው ሆድ ይሆናል። ዓባይ በረሃን በአውቶቡስ የወረደ ፍርዱን ያውቀዋል። ለመዳን ራስ ከዞረ በኋላ ምስሉ ተከትሎ ለመድረስ ከ20 ሚሊሰከንድ በታች ሊፈጅበት ይገባል። ስክሪኑም በሰከንድ 90 ጊዜ ያህል መታደስ አለበት። የስልክ ስክሪን ለዚያ አልተሠራም ነበር፤ ስለዚህ መሐንዲሶቹ ሌላ ሦስት ዓመት ያህል አጎነበሱ።

በዚህ መሐል፣ በ2014 ማርች፣ ፌስቡክ ኦኩለስን በ2 ቢሊዮን ዶላር ገዛው። ያዋጡት ሰዎች ተቆጡ፤ አክሲዮን ሳይሆን ቲሸርትና መነጽር ነበርና የተሰጣቸው። በዚያው ዓመት ጉግል እንደ ቀልድ ካርቶን አጠፈና ሁለት ሌንስ ሰክቶ «ስልካችሁን ክተቱበት» አለ። ካርድቦርድ ይሉታል። ኒውዮርክ ታይምስ በ2015 ከአንድ ሚሊዮን በላይ ለአንባቢዎቹ አደለ። ከሁሉ የረከሰው እሱ ነው። አንድ ቀን ይታያል፣ «ዋው» ይባላል፣ ሁለተኛው ቀን ልጆች ቤት ይሠሩበታል።

እንግዲህ 2016 ደረሰች። ለኪ አስቀድሞ የመነጽሩ ዋጋ 350 ዶላር አካባቢ እንደሚሆን ፍንጭ ሰጥቶ ነበር፤ ሰው ሁሉ ኪሱን በዚያ ልክ አዘጋጅቷል። ጃንዋሪ ላይ ሽያጩ ሲከፈት 599 ሆነ። እሱም ባልከፋ፤ መነጽሩ ብቻውን ዕውር ነው። የሚያስበው ኮምፒውተሩ ነው፤ ያውም ተራ ኮምፒውተር አይችለውም። ከመነጽሩ ጋር አብሮ የሚሸጠው ኮምፒውተር አንድ ላይ ከ1,499 ዶላር ይጀምር ነበር። በእጅ የሚያዙት ጆይስቲኮች ደግሞ በዲሴምበር ለብቻቸው መጡ፤ 199 ዶላር። ተፎካካሪው ኤችቲሲ ቫይቭ 799 ጠየቀ። ለኪ ስለ ዋጋው የተናገርኩበት መንገድ ልክ አልነበረም ብሎ አመነ። ይህን እዚህ አገር ቤት ያሠራ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ መሐንዲሱ የነገራችሁ ዋጋና የጨረሳችሁበት ዋጋ።

በጣም የተጠጋው ሶኒ ነበር። በኦክቶበር 399 ዶላር አለና «የምትሰኩበትማ ቤታችሁ አለ» አለ፤ ፕሌይስቴሽን 4ን ማለቱ ነው። ካሜራው ግን ለብቻው ነበር። በ2019 መጨረሻ የተሸጡት የሶኒ መነጽሮች 5 ሚሊዮን፣ የተሸጡት ፕሌይስቴሽን 4ዎች ደግሞ 106 ሚሊዮን ያህል ነበሩ። ከሃያ ቤት አንዱ መሆኑ ነው። የቀሩት አሥራ ዘጠኙ ገመዱን አይተው ይሆናል።

ገመዱን የቆረጠው ኦኩለስ በ2019 ያወጣው ኩዌስት ነው። ሜይ ላይ ወጣ፤ 399 ዶላር። ኮምፒውተር የለ፣ ገመድ የለ፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ሴንሰር የለ። አራቱ ማዕዘኖቹ ላይ ያሉት ካሜራዎች ክፍሉን እያዩ ሰውየው የት እንደቆመ ራሳቸው ያሰላሉ። ከጣሪያ የተንጠለጠለው ብረት ሙሉ በሙሉ ወርዶ መነጽሩ ውስጥ የገባው ያን ጊዜ ነው። ውስጡ ያለው ቺፕ ደግሞ ምን መሰላችሁ? ከሁለት ዓመት በፊት የወጡ ስልኮች ውስጥ የነበረው ስናፕድራገን 835። ያረጀ፣ የረከሰ፣ ጠባዩ የታወቀ። ዮኮይ አልተሳሳተም ነበር፤ ሃያ አራት ዓመት ቀደመ እንጂ።

በ2020 ኦክቶበር ኩዌስት 2 በ299 ዶላር መጣ፤ ዓለም በኮቪድ ቤቱ ተዘግቶ ግድግዳ በሚቆጥርበት ሰዓት።  ረከቦቱን ያፈረሰብን ይኸኛው ነው፤ ጌሙም ቢት ሴበር፣ ፕራግ ውስጥ ጥቂት ሰዎች የሠሩት። ኩባንያቸውን በ2019 ፌስቡክ ገዝቶታል።

እዚህ ላይ ልጁ «በቃ፣ ረከሰ ማለት ነው» አለኝ። ቆይ፣ አልኩት።

አንድ ዕቃ የሚረክሰው በሁለት መንገድ ነው፤ ወይ ማምረቻው ይረክሳል፣ ወይ ሌላ ሰው ይከፍልልሃል። እዚህ ሁለቱም አለበት። ዛሬ ሜታ የሚባለው የፌስቡክ ባለቤት፣ መነጽር የሚሠራው ክፍሉ በ2020 ያጣው 6.6 ቢሊዮን ዶላር ነበር፤ በ2024 17.7 ቢሊዮን ደረሰ። ሁሉም የዋጋ ድጎማ አይደለም፣ ገና ያልወጡ ዕቃዎች ምርምርም አለበት። ቢሆንም የኩባንያው አለቃ ዙከርበርግ ራሱ መነጽሩን አትርፈን አንሸጥም ብሏል። ታዲያ በነፃ የሚያበላ ሰው አያስጨንቃችሁም? እኔን ያስጨንቀኛል። ኩዌስት 2 ሲወጣ አዲስ ገዢ ያለ ፌስቡክ አካውንት ሊከፍተው አይችልም ነበር፤ ሰው ሁለት ዓመት ከጮኸ በኋላ ነው የተነሣው። በ2022 ደግሞ ዋጋው በአንድ ጊዜ መቶ ዶላር ጨመረ። ያረጀ ዕቃ ሲወደድ ያየሁት ከአዲስ አበባ መኪና ገበያ ሌላ እዚህ ብቻ ነው።

አፕልም በ2024 የራሱን መነጽር ይዞ መጣ፤ 3,499 ዶላር። የላኒየር ዘመን ትዝ ያለው ሰው ሳይስቅ አይቀርም።

በ2024 ኦክቶበር የወጣው ኩዌስት 3ኤስ እንደገና 299 ሆነ። ሒሳብ የሚወድ ካለ ይህን ልንገረው፦ የቨርቹዋል ቦይ 180 ዶላር በ2024 የአሜሪካ ገንዘብ አቅም ሲሰላ ወደ 370 ይጠጋል። ስለዚህ ዓለምን ሁሉ የሚያዞረው የ2024ቱ መነጽር፣ ቀይ ብቻ ከሚያሳየውና ከማይንቀሳቀሰው ከያኔው ይረክስ ነበር። በአሜሪካ ኪስ፣ አዎ፣ ረክሷል።

በእኛ ኪስስ? የብሩ ምንዛሪ ለገበያ ከመለቀቁ በፊት፣ ማለት እስከ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. (ይኼኛው በእኛ አቆጣጠር ነው) 299 ዶላር በባንክ ዋጋ 17,000 ብር ገደማ ነበር። ከዓመት በኋላ ያው 299 ከእጥፍ በላይ ብር ሆነ። እዚያ ዋጋው ቀጥ ብሎ ቆሞ እዚህ ሸሽቷል። ስለዚህ መነጽሩ እኛ ጋ የሚደርሰው እዚህ ተገዝቶ ሳይሆን ሰው ተሸክሞት ነው፤ ከቫይታሚኑ፣ ከጫማውና ከሽቶው መሐል ተሸጉጦ።

ጌም ቤቶቹ ያመጡታል የሚሉኝ አሉ። ፕሌይስቴሽንንም ለሰፈር ልጅ ያደረሱት እነሱ ናቸውና ነገሩ ከንቱ ግምት አይደለም። እኔ ግን እጠራጠራለሁ። ጌም ቤት ሁለቱ ሲጫወቱ አሥሩ የሚያይበት፣ የሚመክርበት፣ የሚሳደብበት ቤት ነው። ልጆቹ የሚከፍሉት ለአንድ ጨዋታ ነው፤ ወረፋ የሚጠብቁት ግን ጨዋታውን እያዩ ነው፤ ቤቱ የሚሞላውም በዚያ ነው። መነጽር የደፋ ሰው ብቻውን ነው። የእህቴ ልጅ ሲጫወት ስምንት ሰው ተሰብስበን ያየነው አየር የሚጎስም ልጅ ነበር። ስልክ ላይ ማሳየት ይቻላል አሉን፤ ሲያገናኙት፣ ሲቋረጥ፣ ሲያገናኙት ባትሪው አለቀ። ሁለት ሰዓት ከምናምን ነው የሚቆየው። ገና እኔ ሳልሞክረው።

በሳምንቱ ሞከርኩት። ባሕር ሥር ገባሁ፤ አንድ ዓሣ ነባሪ በአጠገቤ አለፈ፤ ዓይኑን አየሁት። እንደ ትልቅ ሰው ተረጋግቼ መቆሜን ነው እኔ የማውቀው። እህቴ ግን «ወንድሜ፣ እጅህን ዘርግተህ ስትዳብስ ዓይነ ስውር መስለህ ነበር» ብላ እስከዛሬ ትስቅብኛለች። ከዚያ ወዲህ ልጁ ለምን ጩኸቷን እንዳልሰማ አልጠየቅኩትም።

ከውጭ ለልጆች መነጽር ይዛችሁ ለምትመጡ ዘመዶች ሦስት ነገር ላሳስባችሁ። ጌሙን እዚያው ሳላችሁ ጫኑት። አምራቹ ዕድሜው ከ10 ዓመት በታች የሆነ ልጅ አያድርገው ይላልና ትንንሾቹ ቢያለቅሱም አትስሟቸው። የመጫወቻ ክልሉን ደግሞ የምታሰምሩት ረከቦቱ ከተነሣ በኋላ ይሁን።